ድር ያለ ማግ

መልእክትህ ደረሰኝ፣ ደግአረገ ወንድሜ፣
ከሌሊቱ ስምንት፣ ሳልነቃ ከህልሜ።
«ድረ ገጽ ልከፍት ነው፣ እትዓለም ምከሪኝ፣
የመርዓዊን ሽንኩርት ከሹፌር ላገናኝ።»
እኔን መጠየቅህ፣ ወይ መካሪ አጥተሃል፣
ወይ ጉድጓዱን የሚያውቅ የወደቀበት እንደሆነ ገብቶሃል።

እንግዲህ ስማኝ።
ያኔ እዚህ ቡሬ ላይ፣ በርበሬው ሲቀላ፣
ከሁሉ በፊት አርማ አሠራሁ፣ አንድ ቀይ ዛላ።
ሦስት ወር ሙሉ ቀይ ከቀይ ሳማርጥ፣
ይሄ ደመቀ፣ ያ ፈዘዘ ስል፣ ስገለብጥ፣
ገበያው ከደጄ መቶ እርምጃ ቢሆን፣
አንድ ቅዳሜ እንኳ ወጥቼ አላየሁ፣ የእውነቱ ቀይ ምን እንደሆን።

ስሙን ለማስመዝገብ ዶላር ተበድሬ፣
ካርድ ያለው ዘመድ ደጅ ስጠና አድሬ፣
«ዛላ» ብዬ ከፈትኩት። ባሕር ዳር ተጠራሁ፣
መድረክ ላይ ወጣሁ፣ ስለ ራእዬ አወራሁ፣
ጭብጨባ ጠገብኩ፣
የምስክር ወረቀት በመስታወት አስገብቼ ሰቀልኩ።
ዛሬም አለ፤ ከባትሪ መሙያዎቹ በላይ።
ስልክ ሊያስጠግን የመጣ ሁሉ ያየዋል፣ ኪሳራዬን ሳያይ።

ሻጭ ግን አልመጣም።
ገዥም አልመጣም።
ሠላሳ ሰው ገባ፦ አሥራ አንዱ ዘመዶቼ፣
የቀሩት አብረውኝ የተማሩ ጓደኞቼ፣
አንዷ ደግሞ ራሴ፤ በየሰዓቱ ከፍቼ
ቁጥሩ ሲጨምር የምፈነድቅ፣ የጨመርኩት እኔ መሆኔን ረስቼ።

ገንዘቡ ሲያልቅ ነው እግሬ ገበያ የወጣ።
ጠጅቱን አገኘኋት፣ ኩንታሏ ላይ ተቀምጣ፣
እያስነጠሰች ሳቀች፦ «ያንቺን ነገር ሰማን፤
ይሄ ስልክ አይከፍተውም፤ ቢከፍተውስ ያነበዋል ማን?»
ከጉያዋ አወጣችው፣ በላስቲክ የታሰረ፣
ቁጥሩ ተፍቆ አምስትና ዘጠኝ ብቻ የቀረ።
«ደጀን ላይ ዛሬ በስንት ዋለ? እሱን ንገሪኝ።
ባዶውን የሚመለስ መኪና የት አለ? እሱን ፈልጊልኝ።
የደላላ መሐላ እንደሆን ከእንግዲህ አልበላም፤
ልጄ፣ የተሣለ ዛላ ወጥ አያቀላም።»

ስለዚህ፣ ወንድሜ፣
ኮዱን አትጻፍ ገና። ደብተር ግዛ፣ ባለ ሃምሳ ቅጠል፣
ማሳ ዳር ውረድ፣ ከገበሬው ጋራ ሽንኩርት ንቀል።
«ይህን ብሠራ ትጠቀማለህ?» ብለህ እንዳትጠይቅ፤
«በርታ» ይልሃል፤ ማን አለ ከእንግዳ የሚናነቅ?
«ትናንት በስንት ሸጥክ? ምን ያህሉ በሰበሰ?
ማነው የዋሸህ? ማነው በቃሉ የደረሰ?»
ይህን ጠይቅና ዝም በል። ጆሮህ ይሥራ።

ከዚያ ድረ ገጹን አንተው ሁነው፤
በእጅህ ደውል፣ በእግርህ ሂድ፣ ጆንያውን አንተው ጫነው።
አንድ ገበሬ፣ አንድ ሹፌር፣ አንድ ጭነት።
መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይሄዳል፣
ያኔም የማይቆም ነገር ካለህ፣ እሱ ሥራ ይባላል።
አምስት ብርም ቢሆን ከመጀመሪያው ሰው ተቀበል፤
አምስት ብር የከፈለ እውነቱን ሲናገር አያባብል።
ከሸሪክህ ጋር፣ ወንድምህም ቢሆን፣ ተፈራረም፤
ፊርማ የፍቅር አጥር ነው እንጂ የጠብ ጦር አይደለም።

የአባትህን በሬ ደግሞ አትሽጥ።
ለዚህ ቤት አልመታለትም። ዝም ብለህ ስማኝ።

«ድረ ገጽ» ብሎ የሰየመው ሰው ቅኔ ቤት ሳያድር አልቀረም፤
ገጹን ሁሉም ያያል፤ ድሩን የመረመረ የለም።
ሸማኔ ጠይቅ፦ ድር ብቻውን ሲወጠር ያምራል፣
ማግ ካልተወረወረበት ማን ለብሶት ይሞቃል?
ማጉ ጠጅቱ ናት። ማጉ ሹፌሩ አንማው ነው፤
ማጉ ያ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ የበሰበሰበት ሰው ነው።

«ዛላ» ሞተ። ኪራዩን አልከፈልኩም፤ ስሙን ሌላ ወሰደው።
ደብተሩ ግን አለ።
ቅዳሜ ቅዳሜ ደጀን እደውላለሁ፣
የዋለውን ዋጋ ለሃያ ሰባት ሴቶች እነግራለሁ፣
አምስት አምስት ብር ይሰጡኛል።
ይህ ድርጅት ይባል አይባል፣ አላውቅም።

ቆይ አንዴ፣ ስልኩ ጠራ።
ጠጅቱ ናት።
ለካ ዛሬ ቅዳሜ ነው።